ከቤተሰብ ጋር ወደ ዓለም ማስተርስ አትሌቲክስ ሻምፒዮና፦ የአማተር ተወዳዳሪ የጉዞ መመሪያ

በፌዴሬሽን ወጪ የሚጓዝ አትሌት ቪዛውን፣ ትኬቱን፣ ማረፊያውንና ሐኪሙን የሚያሰናዳለት የልዑካን ቡድን አለው። በየሳምንቱ ከጤና ቡድኑ ጋር ሲሮጥ ቆይቶ በራሱ ወጪ በዓለም አቀፍ ሻምፒዮና ለመሳተፍ የሚነሣ አማተር ግን ይህን ሁሉ ራሱ ማከናወን ስላለበት፣ አብሮት የሚጓዘው ቤተሰብ ወይ ተጨማሪ ሸክም ይሆንበታል፣ ወይ ደግሞ ሥራው በአግባቡ ከተከፋፈለ የልዑካን ቡድኑን ቦታ ይይዝለታል። ይህ መመሪያ የሁለተኛውን መንገድ ደረጃዎች በቅደም ተከተል ያስረዳል። በምሳሌነት የተወሰደው የዓለም ማስተርስ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሲሆን፣ ይህም ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶችና ወንዶች በዕድሜ ምድብ ተከፍለው የሚወዳደሩበት መድረክ ነው። የቦታ ምሳሌ ሲያስፈልግ በነሐሴ 2018 ዓ.ም. ሻምፒዮናውን እንድታስተናግድ የተመረጠችው የደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ ከተማ ትጠቀሳለች፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ምክር ወደ ሌላ አገር ለሚደረግ ተመሳሳይ ጉዞም ያገለግላል።

1. የዕድሜ ምድብን፣ የውድድር ዓይነትንና የሚወከለውን አገር መለየት

የማስተርስ ውድድር ምድቦች በየአምስት ዓመቱ የተከፈሉ ናቸው፤ ከ35 እስከ 39፣ ከ40 እስከ 44 እያሉ እስከ መቶ ዓመት ድረስና ከዚያም በላይ ይዘልቃሉ። ተወዳዳሪው የሚገባበት ምድብ የሚወሰነው በሻምፒዮናው የመጀመሪያ ቀን ባለው ዕድሜ ስለሆነ፣ የልደት ቀኑን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው በትክክል መመለስ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ብዙዎች በደፈናው 7 ወይም 8 ዓመት በመደመር ይሳሳታሉ፤ ትክክለኛው ስሌት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ለተወለደ ደግሞ 8 ዓመት መደመር ነው። ለምሳሌ ነሐሴ 20 ቀን 1968 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ልደቱ ኦገስት 26 ቀን 1976 ስለሚሆን፣ ሻምፒዮናው በ2026 ከዚያ ዕለት ቀደም ብሎ ከተከፈተ ሃምሳ ዓመት የሚሞላው በውድድሩ መካከል ቢሆንም እንኳ የሚወዳደረው ከ45 እስከ 49 ባለው ምድብ ነው። አዘጋጁ የሚያየው ፓስፖርቱን በመሆኑ፣ በፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ስሕተት ካለበት የሚታረመው ከምዝገባው በፊት እንጂ በውድድሩ ሥፍራ አይደለም።

ሻምፒዮናው ከመቶ ሜትር እስከ ረጅም ርቀት የሚደርሱ ሩጫዎችን፣ የርምጃ ውድድርን፣ መሰናክልን፣ ዝላይንና ውርወራን ያካትታል። ለመሳተፍ አስቀድሞ የተወሰነ የብቃት ሰዓት ማስመዝገብ አይጠየቅም፤ የሽልማት ገንዘብም የለውም። ይህ ክፍትነት ብዙ ጀማሪዎችን በአንድ ጊዜ አራት አምስት ውድድር ላይ እንዲመዘገቡ ይገፋፋቸዋል፤ ሆኖም በአጭርና በመካከለኛ ርቀት ማጣሪያና ፍጻሜ በተለያዩ ቀናት ስለሚካሄዱ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ ምዝገባ ከቤተሰቡ ቀናት ላይ የሚቀነስ መሆኑ መታሰብ አለበት። ከቤተሰብ ጋር ለሚጓዝ ሰው አንድ ዋና ውድድርና ቢበዛ አንድ ተጨማሪ በቂ ነው።

የሚወከለውን አገር መለየት በተለይ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምዝገባው እንደ ደንቡ በየአገሩ አባል ማኅበር ወይም ፌዴሬሽን በኩል የሚረጋገጥ ሲሆን ዜግነትን የሚያሳየው ፓስፖርት ዋናው መመዘኛ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚወዳደር ሰው በመጀመሪያ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን፣ የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ዜግነት ያለው ደግሞ የዚያን አገር የአትሌቲክስ ማኅበር መጠየቅ ይኖርበታል። ጥያቄው በጽሑፍ ቢቀርብና መልሱም በጽሑፍ ቢያዝ ይመረጣል፤ ምክንያቱም የምዝገባ ማረጋገጫ ሲዘገይ ተወዳዳሪው ሊያቀርበው የሚችለው ማስረጃ ይህ ብቻ ነው።

2. የጊዜ ሰሌዳውን ከውድድሩ ቀን ወደ ኋላ መሥራት

የቤተሰብ ጉዞ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በገንዘብ እጥረት ሳይሆን በቅደም ተከተል መዛባት ነው፤ ትኬት ከቪዛ በፊት ይገዛል፣ ማረፊያ የውድድሩ መርሐ ግብር ሳይወጣ ይያዛል። ይህን ለማስቀረት አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የዋናውን ውድድር ዕለት በመጻፍ ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ይገባል። ከውድድሩ 12 ወር ገደማ በፊት የሐኪም ምርመራና የፓስፖርት ዕድሳት፣ ከ8 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ምዝገባና የቤተሰብ ሰነዶች፣ ከ4 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ የቪዛ ማመልከቻ፣ ከዚያ በኋላ የማይመለስ ክፍያ ያለባቸው ግዢዎች ይከተላሉ።

በዚሁ ወረቀት ላይ የልጆች የትምህርት ጊዜና የወላጆች የሥራ ፈቃድ መስፈር አለባቸው። የነሐሴ ውድድር በኢትዮጵያ ከክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ጋር ስለሚገጥም የተመቸ ነው፤ በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ግን ትምህርት የሚጀመረው በኦገስት ስለሆነ በዚያ የሚኖሩ ቤተሰቦች ከትምህርት ቤቱ ጋር አስቀድመው መነጋገር ያስፈልጋቸዋል። ሁሉም ቀናት በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢጻፉ የቤተሰቡ አባላት እርስ በርስ አይሳሳቱም።

3. መመዝገብና የግብዣ ደብዳቤ ማግኘት

ምዝገባው የሚከናወነው በሻምፒዮናው ይፋዊ ድረ ገጽ በኩል ብቻ ነው። ስሙ በፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል መግባት አለበት፤ ፀሐይ ወይም ጽጌ የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል በሁለትና ሦስት መንገድ ሊጻፉ ስለሚችሉ፣ በምዝገባው፣ በቪዛው፣ በትኬቱና በመድን ሰነዱ ላይ የተለያየ አጻጻፍ ከተገኘ አንድ ሰው እንደ ሁለት ሰው ሊቆጠር ይችላል። የአባትና የአያት ስም የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደሚገባም የሚወሰነው በፓስፖርቱ አጻጻፍ ነው።

ብዙ አዘጋጆች ቪዛ ለሚያስፈልጋቸው ተወዳዳሪዎች የግብዣ ደብዳቤ የሚሰጡት ምዝገባው ተጠናቆ ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ ነው። ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ሁለት ነገሮች ይጠየቁ፦ ቪዛ ቢከለከል የምዝገባው ገንዘብ ይመለሳል ወይ፣ ደግሞም አብሮ ተጓዥ የቤተሰብ አባላት በደብዳቤው ላይ በስምና በፓስፖርት ቁጥር ሊጠቀሱ ይችላሉ ወይ የሚሉት። አብሮ ተጓዥ ማለት የማይወዳደር ነገር ግን ከተወዳዳሪው ጋር የተመዘገበ ሰው ሲሆን፣ አንዳንድ አዘጋጆች ለእርሱም መታወቂያ በክፍያ ያዘጋጃሉ።

ግብዣ እናስገኛለን ከሚሉ ደላሎች መራቅ የሚገባው ገንዘቡ ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም። ሐሰተኛ ደብዳቤ የተገኘበት ማመልከቻ የአመልካቹን ብቻ ሳይሆን የመላ ቤተሰቡን የወደፊት ቪዛ ሊያበላሽ ይችላል። በተመሳሳይ ምክንያት ዘመድ ያልሆነን ሰው በቤተሰብ ስም ማስገባት ወይም ከቪዛው ቀን በላይ መቆየት በኋላ ለውድድር የሚያመለክቱ እውነተኛ ስፖርተኞችን በር የሚዘጋ ድርጊት ነው።

4. የቤተሰቡን ሰነዶች በአንድ መዝገብ ማሰባሰብ

የኢትዮጵያውያን የስም አወጣጥ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ከሚያስከትላቸው ችግሮች ዋነኛው፣ የአንድ ቤተሰብ አባላት በፓስፖርታቸው መጨረሻ ላይ የተለያየ ስም መያዛቸው ነው። ሚስት የምትጠራው በአባቷ ስም፣ ባል በአባቱ ስም፣ ልጆች ደግሞ በአባታቸው ስም ስለሆነ፣ የቤተሰብ መጠሪያ ስም ባለበት ባሕል የሠለጠነ የቪዛ ሠራተኛ ዝምድናውን ከስሙ ሊረዳ አይችልም። ስለዚህ ዝምድናው በሰነድ መረጋገጥ አለበት፤ የጋብቻ የምስክር ወረቀትና የእያንዳንዱ ልጅ የልደት የምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ወጥቶ፣ ወደሚፈለገው ቋንቋ ተተርጉሞና ኤምባሲው በሚጠይቀው መሠረት ተረጋግጦ መያዝ ይኖርበታል።

ልጅ ከአንድ ወላጁ ጋር ብቻ የሚጓዝ ከሆነ፣ የቀረው ወላጅ በተለምዶ ውልና ማስረጃ በሚባለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ቀርቦ የፈቃድ ሰነድ መፈረም አለበት። ይህ ሰነድ ሳይኖር የሚደረስበት ቦታ ብዙውን ጊዜ የአየር ማረፊያው የኢሚግሬሽን መስኮት ነው።

ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግልና ባዶ ገጾች ያሉት ቢሆን አብዛኛዎቹን አገሮች ያሟላል። ወደ ደቡብ ኮሪያ የሚሄድ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ሲ-3 የሚባለው የአጭር ጊዜ ቪዛ እስከ 90 ቀን ለሚደርስ ቆይታ የተዘጋጀ ነው። ውድድሩ በአውሮፓ የሸንገን ቀጠና ውስጥ ከሆነ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ሊገባ ይችላል፤ ከ15 ቀን ወዲህ ግን መዘግየት የለበትም፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድንም ይጠየቃል። በአሜሪካ በቋሚ መኖሪያ ፈቃድ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሥራ ፈቃድ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዦች የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከቪዛ ነጻ እንደማያደርጋቸው ሊያውቁ ይገባል፤ ማመልከቻውን በሚኖሩበት አገር ባለው ኤምባሲ ያቀርባሉ፤ የመውጫና የመመለሻ ፈቃድ በሚጠየቅባቸው አገሮችም ይህን አስቀድመው ያወጣሉ።

ከማመልከቻው ጋር የሥራ ደብዳቤ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የባንክ መግለጫና የልጆች የትምህርት ቤት ማስረጃ መቅረባቸው ቤተሰቡ የሚመለስበት ምክንያት እንዳለው ያሳያል። መላው ቤተሰብ ሲጓዝ ወደ አገር የሚመልሰው ነገር ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ስለሚጠብቅ፣ ይህ ማስረጃ ከተወዳዳሪው የሩጫ ውጤት የበለጠ ክብደት አለው። ያም ሆኖ ቀደም ሲል በአገር ውስጥ ውድድሮች የተገኙ የምስክር ወረቀቶችና ውጤቶች ተያይዘው ቢቀርቡ የጉዞው ዓላማ እውነተኛ መሆኑን ያጠናክራሉ።

5. ገንዘብን፣ ትኬትንና መድንን ማደራጀት

የጉዞው ወጪ በሦስት ቢከፈል ለመቆጣጠር ይቀላል፤ የመጀመሪያው ተወዳዳሪው ብቻውን ቢሄድም የማይቀረው የውድድር ወጪ፣ ሁለተኛው ቤተሰቡ ሲጨመር የሚመጣው የትኬት፣ የማረፊያና የምግብ ወጪ፣ ሦስተኛው ለሕመም፣ ለትኬት ለውጥና ለጠፋ ሻንጣ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ነው። ሁለተኛው ክፍል ሦስተኛውን የሚበላው ከሆነ የተጓዦችን ቁጥር መቀነስ ወይም የቆይታውን ቀን ማሳጠር የተሻለ ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ተጓዥ የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ለመግዛት ፓስፖርት፣ ቪዛና የጉዞ ትኬት ስለሚያስፈልገው፣ ሰነዶቹ እጁ ሲገቡ ሳይውል ሳያድር ወደ ባንኩ ሄዶ በወቅቱ የተፈቀደውን መጠን መጠየቅ ይኖርበታል።

የጉዞ መድን ሲገዛ በሰነዱ ውስጥ የውድድር ስፖርት መሸፈኑን ማንበብ አይዘለልም። ብዙ ተራ የጉዞ መድኖች በተደራጀ ውድድር ላይ የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍኑም፤ ስለዚህ ቤተሰቡ በተራው መድን፣ ተወዳዳሪው ግን የአትሌቲክስ ውድድርን በሚጨምር መድን መግባት አለበት።

ማረፊያ የሚመረጠው ለስታዲየሙ ወይም ወደዚያ ለሚወስደው የባቡር መስመር ባለው ቅርበት ነው። ወጥ ቤት ያለው አፓርትመንት ከሆቴል ይመረጣል፤ ተወዳዳሪው የለመደውን ምግብ በለመደው ሰዓት መብላት ይችላል፤ ሕፃናት ላሉበት ቤተሰብም ወጪው ይቀንሳል። ከተቻለ ተወዳዳሪው ከልጆቹ ተለይቶ የሚተኛበት ክፍል ይኑር።

6. የጤና ምርመራና የመድኃኒት ማጣራት

ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በስፖርት ላይ ሳሉ ለሚደርስባቸው ድንገተኛ ሞት ዋናው መንሥኤ የልብ ደም ሥሮች መጥበብ ነው። በመሆኑም የደም ግፊት፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ልኬት፣ እንዲሁም ኢሲጂ የሚባለው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ከከባዱ ሥልጠና በፊት መደረግ አለባቸው። በሩጫ ጊዜ ደረትን የመጫን ስሜት፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ያጋጠመው ሰው ሐኪም ሳያየው መወዳደር የለበትም።

ከዚህ ቀጥሎ በአማተሮች ዘንድ ከሁሉ በላይ የሚረሳው ጉዳይ አበረታች ቅመሞችን የሚመለከት ነው። በማስተርስ ሻምፒዮናዎችም የአበረታች ቅመሞች ምርመራ ሊደረግ ይችላል፤ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሐኪም ትእዛዝ ከሚወስዷቸው የተለመዱ መድኃኒቶች ውስጥም የተከለከሉ አሉ። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ሌሎች ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች፣ ለስኳር ሕመም የሚወሰደው ኢንሱሊን፣ በውድድር ወቅት ደግሞ ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ በአፍ ወይም በመርፌ የሚሰጡ ስቴሮይዶች በዓለም አቀፉ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ለአስም በሚነፋ መልክ የሚወሰደው ሳልቡታሞል ቢፈቀድም በ24 ሰዓት ከ1,600 ማይክሮግራም፣ በማንኛውም 8 ሰዓት ውስጥም ከ600 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። መፍትሔው መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይደለም፤ ይህ ከማንኛውም ቅጣት የከፋ አደጋ አለውና። ተወዳዳሪው ሐኪሙን ያልተከለከለ አማራጭ ይጠይቅ፤ አማራጭ ከሌለ ለሕክምና ሲባል የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ ከውድድሩ 30 ቀን በፊት ያመልክት። በአገር ውስጥ ያለው ተወዳዳሪ መረጃውን ከኢትዮጵያ የጸረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ሊጠይቅ ይችላል።

ጫት በዚህ ረገድ ለብቻው መነሣት ይገባዋል። በውስጡ ያለው ካቲን የተባለው ንጥረ ነገር በውድድር ወቅት በሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘ ጥፋት ነው። ከስፖርቱ ውጭም ጫት በእንግሊዝ፣ በስዊድንና በደቡብ ኮሪያ ጭምር በሕግ የተከለከለ በመሆኑ፣ በቤተሰቡ በማንኛውም ሰው ሻንጣ ውስጥ መገኘት የለበትም።

7. ሥልጠናን ከአየር ንብረትና ከጾም ጋር ማስማማት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን በነሐሴ ቀዝቃዛና ዝናባማ ናት፤ ዴጉ ደግሞ ዝቅ ባለ ሸለቆ ውስጥ ያለች፣ ከኮሪያ ከተሞች ሁሉ በበጋ ሙቀቷ የምትታወቅ፣ በኦገስት ቀን ላይ ሙቀቷ ብዙ ጊዜ 30 ዲግሪ የሚያልፍና እርጥበት የሚከብድባት ከተማ ናት። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሯጭ ትንፋሹ ስለሚቀለው ከአቅሙ በላይ ፈጥኖ የመጀመር ስሕተት ይሠራል፤ ሙቀቱ ግን ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ይይዘዋል። የሰውነት ሙቀትን የመላመድ ሂደት ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወስድ ስለሆነ፣ ቀደም ብሎ መሄድ የማይችል ተወዳዳሪ ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የተወሰነ ልምምዱን እንደ አዳማ ወይም አዋሽ ባሉ ሞቃት ሥፍራዎች ቢያደርግ ይጠቅመዋል። ከባዱ ሥልጠና ግን ከውድድሩ ሁለት ሳምንት አካባቢ ሲቀረው እየቀነሰ መሄድ አለበት።

በነሐሴ መጨረሻ ለሚደረግ ውድድር የሚዘጋጅ ኦርቶዶክሳዊ ተወዳዳሪ የመጨረሻዎቹ የዝግጅት ቀናት ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከሚጾመው ጾመ ፍልሰታ ጋር ይገጥሙበታል። ጾሙን መጾምና መዘጋጀት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ለዚህም ከባዱ ልምምድ ከመብያው ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ተደርጎ ወዲያው ምግብ እንዲከተለው ማድረግ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሱፍ ማብዛት፣ ውኃ መጠጣት በሚቻልበት ጊዜ ሁሉ በቂ መጠጣት ያስፈልጋል። ሕመም ያለበት ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ይመካከር።

8. ሻንጣን በጥንቃቄ ማሰናዳት

የመጀመሪያውን ውድድር ለመሮጥ የሚያስፈልገው ትጥቅ በሙሉ በእጅ ሻንጣ ይሂድ፤ የተጫነ ሻንጣ ቢዘገይ ጫማ በሌላ አገር መግዛት ይቻላል፣ እግር የለመደውን ጫማ ግን አይቻልም። የስፓይክ ጫማ ብረቶች ተፈትተው በተጫነው ሻንጣ ቢቀመጡ በፍተሻ ላይ ጥያቄ አያስነሡም። በሰው ሠራሽ መም ላይ የሚፈቀደው የብረቱ ርዝመት እስከ 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለከፍታ ዝላይና ለጦር ውርወራ እስከ 12 ይፈቀዳል። የሚለበሰው መለያ የሚወከለው አገር ማኅበር ያጸደቀው መሆን ስላለበት ከጉዞው በፊት ከማኅበሩ ይረከባል። ተንቀሳቃሽ የስልክ መሙያ ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ በተጫነ ሻንጣ አይገባም።

ምግብን በተመለከተ፣ ቋንጣና ማንኛውም የሥጋ ውጤት ወደ ደቡብ ኮሪያም ሆነ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይዞ መግባት የተከለከለ ነው፤ ወደ አውሮፓ ኅብረት ቅቤና ሌላ የወተት ውጤትም እንዲሁ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የሽሮ ዱቄት የተሻሉ ናቸው፤ ቢሆንም በመግቢያው በር በሚሞላው ቅጽ ላይ ይመዝገቡ። ያልተመዘገበ ምግብ ቢያዝ ቅጣት አለው፤ ተመዝግቦ የተከለከለ ቢሆን ግን የሚወሰደው ምግቡ ብቻ ነው። መድኃኒቶች በመጀመሪያ ማሸጊያቸው፣ ከሐኪም ማዘዣ ጋር ይያዙ። የሁሉም ሰነዶች ቅጂ በሁለት የተለያዩ ሰዎች ቦርሳና በስልክ ውስጥ ይቀመጥ።

9. ከመድረስ እስከ ውድድሩ ዋዜማ

የሰውነት ሰዓት ከአዲስ የሰዓት ክልል ጋር ለመስማማት በግምት በየአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያስፈልገዋል። ኮሪያ ከኢትዮጵያ 6 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከዋናው ውድድር ቢያንስ አምስትና ስድስት ቀን ቀድሞ መድረስ ይመከራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋት የፀሐይ ብርሃን ማግኘትና ቀን ላይ ረጅም እንቅልፍ አለመተኛት ይረዳል። ከኢንቺዮን አየር ማረፊያ ወደ ዴጉ ለመሄድ በባቡር ሶል ድረስ ይኬዳል፤ ከዚያ ኬቲኤክስ በሚባለው ፈጣን ባቡር እስከ ዶንግዴጉ ጣቢያ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በኮሪያ ውስጥ መንገድ ለማግኘት ኔቨር ማፕና ካካኦ ማፕ የተባሉት መተግበሪያዎች የተሻለ ያገለግላሉ። ለአምቡላንስ 119፣ ለፖሊስ 112፣ ለጎብኚዎች እርዳታ ደግሞ 1330 የሚሉት ቁጥሮች በእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ስልክ ላይ ይመዝገቡ።

የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ለኢትዮጵያውያን የተለየ ወጥመድ ነው። በመርሐ ግብሩ 09:00 ተብሎ የተጻፈው በኢትዮጵያ አነጋገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ 15:00 ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በኮሪያ ጉዳይ ላይ ሌላ ግጥምጥሞሽ አለ፤ ሁለቱ አገሮች በ6 ሰዓት ስለሚለያዩና የኢትዮጵያ አቆጣጠርም ከዓለም አቀፉ በ6 ሰዓት ስለሚለይ፣ አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲባል በኮሪያ የግድግዳ ሰዓት ላይ የሚታየውም 3 ነው፣ ይህ ግን ከቀትር በኋላ ያለው 3 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ሳይነካ ትክክለኛውን ሰዓት ሲያሳይ ያገኘ ተጓዥ ንግግሩንም በዚያው ቢቀጥል ስድስት ሰዓት ይስታል። መላው ቤተሰብ ከመነሻው ዕለት ጀምሮ ስልኩን በ24 ሰዓት አጻጻፍ ማድረጉና ሰዓትን በዚያው መጥራቱ መፍትሔ ነው።

ከተማ መጎብኘት ከውድድሩ በኋላ ይሁን። ልጆቹ ከበሰለ ዕቅድ ውጭ ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ አባት ወይም እናት አብረው ከዞሩ እግራቸው ለመሮጫው ቀን የደከመ ይሆናል። ስለዚህ ቤተሰቡ ከውድድሩ በፊት ባሉት ቀናት በሁለት ቢከፈል፣ ተወዳዳሪው ሲያርፍ ሌላው አዋቂ ልጆቹን ይዞ ቢወጣ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። ሆኖም አንድ ሥራ አለ፤ ወደ ስታዲየሙ የሚወስደውን መንገድ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ጊዜ በተግባር ይሂድበት፣ የሚፈጀውንም ጊዜ ይለካ።

10. የውድድሩን ቀን በሥራ ክፍፍል ማሳለፍ

በእነዚህ ሻምፒዮናዎች መመዝገብ ብቻውን የመሮጥ መብት አይሰጥም። ተወዳዳሪው በተወሰነው ሰዓት ገደብ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከውድድሩ አንድ ቀን በፊት፣ እንደሚወዳደር በይፋ ማረጋገጥ አለበት፤ ይህን ያላደረገ ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል። ቀጥሎ ያለው መሰናክል ኮል ሩም የሚባለው የጥሪ ክፍል ነው፤ እዚህ ተወዳዳሪዎች ከውድድሩ በፊት ተሰብስበው የደረት ቁጥራቸው፣ መለያቸውና ጫማቸው ይፈተሻል። የሚዘጋበት ሰዓት ከሩጫው መነሻ ሰዓት የሚቀድም ስለሆነ በማስታወሻ ላይ የሚጻፈው የጥሪው ሰዓት መሆን አለበት። ስልክና ሌላ የመገናኛ መሣሪያ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ቤተሰብም አይገባም።

ስለዚህ በዋዜማው ማታ የሥራ ክፍፍል ይደረግ። አንዱ ሰው ሰነዶችንና ሰዓትን ይጠብቅ፣ ሌላው ውኃና ምግብ ይያዝ፣ ሦስተኛው ልጆቹን ይመልከት፤ ከውድድሩ በኋላ ስልክ ሳያስፈልግ የሚገናኙበት አንድ የታወቀ ቦታም ይወሰን። የቤተሰቡ ድጋፍ ደንብን እንዳይጥስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከተወዳዳሪው ጎን መሮጥ ወይም በጎዳና ውድድር ከተፈቀደው ጣቢያ ውጭ ውኃ ማቀበል እንደ ሕገ ወጥ እርዳታ ተቆጥሮ ውጤትን ሊያሰርዝ ይችላል፤ ለልጆችም ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው።

ለአበረታች ቅመሞች ምርመራ የተጠራ ተወዳዳሪ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያስፈልገዋል፤ ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ሽንት እስኪሰጥም ድረስ በተቆጣጣሪ ዓይን ሥር ይቆያል፤ አንድ ተወካይም አብሮት እንዲገኝ ይፈቀድለታል። ከቤተሰቡ ቋንቋውን የተሻለ የሚያውቀው ሰው ለዚህ ተግባር አስቀድሞ ቢመደብ በድካም ሰዓት ግራ መጋባት አይኖርም።

11. ከውድድሩ በኋላ

ረጅም ሩጫ በተጠናቀቀ በማግሥቱ ረጅም በረራ ማድረግ አይመከርም፤ የደከመና ውኃ ያጣ ሰውነት ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ መቀመጡ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል። ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ዕረፍት ማስገባት ለጤናም ለቤተሰቡም ይመቻል፤ የጉብኝቱ ተራ የሚደርሰውም ያኔ ነው። ከዴጉ በባቡር በአንድ ሰዓት ገደማ የቡሳን የባሕር ዳርቻና ጥንታዊቷ ግዮንግጁ ይደረሳል፤ ጊዜ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ከሶል በስተ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ቹንቾን ከተማ በኮሪያ ጦርነት ለተሳተፉት ኢትዮጵያውያን የተሠራውን መታሰቢያ ልጆቹን ሊያሳይ ይችላል።

ይፋዊ ውጤቱ፣ የተሳትፎ የምስክር ወረቀቱ፣ የመግቢያና የመውጫ ማስረጃ ቅጂና የመድን ሰነዱ በአንድ መዝገብ ተሰድረው ይቀመጡ። ቪዛን በቃል መሠረት ተጠቅሞ በቀኑ መመለስ ለቀጣዩ ማመልከቻ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ነው። ዋናው የዓለም ማስተርስ ሻምፒዮና በየሁለት ዓመቱ ስለሚካሄድ፣ ለመሄድ ያሰበ አንባቢ ከሁሉ በፊት የቤተሰቡን ፓስፖርቶች አውጥቶ በእያንዳንዱ ላይ ያለውን የስም አጻጻፍ፣ የልደት ቀንና የማብቂያ ቀን ይመልከት፤ ሌላው ሥራ ሁሉ የሚጀመረው እነዚህ ሦስቱ ትክክል መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው።